ከመገናኛ ወዲያ ያለ ሰው ብቻ ነው ቅድሚያ የሚከፍለው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን የማነበው እንጀራ የማስረክብበት ሱቅ ባለቤት አንብቦ ሲጨርስ ነው። አንዳንዴ አንድ ገጽ ይጎድለዋል፤ በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል። የአንባብያን ደብዳቤ ያለበት ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ለዚህ ነው እኔም ለመጻፍ የደፈርኩት።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ለሰፈር ሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። የምጽፈው በቴሌግራም ምጣድ ስለሸጠልኝ ሰው ነው። ብሩን ተቀበለ፣ ምጣዱ አልመጣም። እንደማይመጣም አውቄዋለሁ። ነገሩ የእሱና የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» ብዬ እተወው ነበር። ግን የእኛ የዳር ሰፈር ሰዎች ሁሉ ጣጣ ሆኖ አገኘሁት።

አሮጌው ምጣዴ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። ሸክላ ነው፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ላይ ሊጡ ይይዛል። እንጀራው በሰፌድ ሲነሳ እዚያችው ቦታ ላይ ይቀደዳል። የተቀደደ እንጀራ ሱቅ አይቀበልም፤ ወይ ቤት ይበላል፣ ወይ ድርቆሽ ይሆናል። ልጆቼ በዚያ ሰሞን ከፍርፍር ሌላ ምግብ መኖሩን ረስተው ነበር።

«መርካቶ ሄደሽ አትገዢም ነበር?» የሚል አይጠፋም። ጠዋት ማስረከብ አለ። ከሰዓት ጤፍ ማስፈጨትና ማቡካት አለ። ማታ ደግሞ መብራት ካለ መጋገር ነው። ከአራብሳ አያት፣ ከአያት መገናኛ፣ ከዚያ መርካቶ ወርዶ ያን የሚያህል ምጣድ ከነአክንባሎው ይዞ በታክሲ መመለስ ቀልድ አይደለም። ረዳቱ የሦስት ሰው ሂሳብ ይጠይቃል። ተጠይቆም ምጣዱ ደህና ከደረሰ ተመስገን ነው። ስለዚህ ቤት ድረስ አመጣለሁ የሚል ሰው ሲገኝ ለእንደኔ ዓይነት ሴት ትልቅ ነገር ነው። ለዚህም ነው እነዚህ ሰዎች እኛን የሚያገኙን።

ቪዲዮውን ያሳየችኝ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ቲክቶክ ላይ ነው ያየችው፤ ከስሩ ወደ ቴሌግራም ቻናል የሚወስድ ሊንክ አለው። ቪዲዮው ላይ ፊት የለም፣ የሴት እጅ ብቻ ነው። እጇ የለመደ እጅ ነው። ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሃል እያዞረች ስታፈስ አንዲት ቦታ አልደረበችም። ዓይኑ ወጣ። ከደነች። ከፈተች። ጠርዙ ራሱ ተነሳላት። እንጀራውን የምታወጣበት ሰፌድ በቀይና በአረንጓዴ የተሰፋ ነው፤ አንደኛው ጠርዙ እሳት ነክቶት ጠቁሯል። እኔ ምጣድ የማየው እንደዚህ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን እንጀራው እንዴት እንደሚነሳ ነው የማየው። ምጣዱ ጥሩ ምጣድ ነበር። የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ዋጋው 9,500 ብር ይላል። ከስሩ ደግሞ «በአዲስ አበባ ውስጥ ክፍያ ዕቃው እጅዎ ሲገባ» ተብሎ ተጽፏል። ደወልኩ። ትሁት ልጅ ነው ያነሳው።

«ሰፈርሽ የት ነው፣ እናቴ?»

«ቦሌ...»

«ቦሌ ነጻ ነው! ዛሬውኑ ይደርስሻል።»

«...አራብሳ።»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «እሱማ ከከተማ ውጭ ነው፣ የኔ እናት። ከከተማ ውጭ ላሉ ግማሹ ቅድሚያ ነው፤ ቀሪውን ሲደርስሽ ትከፍያለሽ» አለኝ።

አራብሳ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። መታወቂያችን የአዲስ አበባ ነው። ውሃ በፈረቃ የምንጠብቀውም እንደ አዲስ አበባ ሰው ነው። ይህንን ነገርኩት። ሳቀ። «ልክ ነሽ፣ ግን ሾፌሮቻችን እዚያ ድረስ ሄደው ሰው ስልኩን ይዘጋባቸዋል፤ የነዳጅ እንከስራለን» አለ።

ይሄ ምክንያት ደግሞ ውሸት አይደለም። እኔም አስረካቢ ነኝ። ሃምሳ እንጀራ አዝዞ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው ደርሶብኛል። ስለዚህ ግማሹን፣ 4,750 ብር፣ በባንክ መተግበሪያ ላክሁ። የተቀባዩ ሙሉ ስም ከነአያቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ቀብድ ነው እንግዲህ። ድንኳን ስንከራይ፣ ሶፋ ስናሠራ፣ ለሠርግ በሬ ስንገዛ የምንሰጠው ያው ቀብድ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንባቢ የሚያውቀው ታሪክ ስለሆነ ባጭሩ ላውራው። «ነገ ይደርሳል።» «መኪና ተበላሽቶ ነው።» «ሾፌራችን ለቅሶ ላይ ነው፣ ይቅርታ እናቴ።» ኋላ ሌላ ድምፅ ደወለ። ሾፌር ነኝ አለ፣ አያት አደባባይ ደርሻለሁ አለ። ቀሪውን ካልላክሽ ግን አለቃዬ ዕቃ አታውርድ ብሎኛል አለ። አያት ከሆንክ እኔ እመጣለሁ፣ ምጣዱን አይቼ እዚያው እከፍልሃለሁ አልኩት። ስልኩ ተዘጋ። ማታ ቴሌግራሙን ስከፍት ብሎክ ተደርጌያለሁ። የልጄንም አካውንት እንደዚያው።

ቻናሉ ላይ አድራሻ ነበር። መገናኛ፣ የሕንፃው ስም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሱቅ ቁጥር። ሄድኩ። ሕንፃው አለ። ሦስተኛ ፎቅም አለ። የሱቁ ቁጥርም በሩ ላይ ተለጥፏል። ከቁጥሩ ስር ደግሞ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ «እዚህ ምጣድ አይሸጥም። ሹሩባ ብቻ።»

ገባሁ። ሁለት ልጆች አንዷን ደንበኛ ግራና ቀኝ ይዘው እየሠሩ ነው። ባለቤቷ ቀና ብላ አየችኝና «ማዘር፣ ለምጣድ ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት ወንበር ሳበችልኝ። ብዙ ሰው እንደመጣባት ነገረችኝ። ከሰበታ የመጡ አሉ፣ ከቱሉ ዲምቱ የመጡ አሉ፣ አንድ ሽማግሌ ከሱሉልታ መጥተው «ልጄ፣ ብሩ ይቅር፣ ሰውየውን ብቻ አሳዪኝ» ብለዋት አልቅሰዋል። «መጀመሪያ ላይ የሚሰድቡኝ እኔን ነበር» አለች። ከቦሌ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከካዛንቺስ የመጣ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበች። «የለም፤ ሁሉም ከዳር ነው የሚመጣው» አለችኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። መሃል ከተማ ላለው ሰው ዕቃው ሲደርስ ነው ክፍያው፤ ስለዚህ እሱን ማታለል አይቻልም። ምጣድ ስለሌላቸው «ስቶክ አልቋል» ብለው ያልፉታል። እኛን ግን «ሩቅ ናችሁ» ብሎ ቅድሚያ ማስከፈል ይቻላል። ርቀታችን ለሐቀኛው ነጋዴ ወጪ ነው፣ ለሌባው ደግሞ ሰበብ ሆነለት። የከተማው ሰው በኮንዶሚኒየም ዕጣ ወደ ዳር እየወጣ ነው። አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ስንት ሺህ ቤተሰብ አለ? ዕቃ በስልክ ማዘዝ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ሰፈሮች ነው።

ቪዲዮውን ደግሞ አገኘሁት። ልጄ ሌላ ቻናል ላይ አየችው፤ ስሙ ሌላ፣ ስልኩ ሌላ፣ ዋጋው 8,900። ያችው እጅ፣ ያው ጠርዙ የጠቆረ ሰፌድ። አዲሱ ቻናል «በሰዓት 60 እንጀራ» የሚል ጨምሮበታል። አንድ እንጀራ እስኪበስል ሁለት ሦስት ደቂቃ እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ነው ምጣድ የሚሸጥልን! ተናድጄም ሳቄ መጣ። ከስሩ አስተያየት መስጫው ተዘግቷል። «ደንበኞቻችን ምን አሉ» የሚል የስክሪን ፎቶ ግን ሞልቷል። ሁሉም «እናመሰግናለን ደርሶናል» ይላሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት አለባቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፣ አላንቋሸሸኝም። ግን ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ፋይል አሳየኝና «እናቴ፣ በዚህ ብር መጠን ስንቱን እንከታተል?» አለኝ። ባንክም ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ያለ ሕጋዊ ትዕዛዝ የደንበኛ መረጃ አንሰጥም አለችኝ። በዚህ አልፈርድባትም፤ የእኔም አካውንት ለማንም እንዲነገር አልፈልግም። ግን ብሩን ማገድስ አይቻልም ወይ? ስልክ ደውሎ ሰውየውን መጠየቅስ? «ራስዎ ነዎት የላኩት» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። አዎ፣ ራሴ ነኝ የላክሁት። ምጣድ ልገዛ ነው የላክሁት።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። ከምግብ ቤት ደንበኞቼ አንዱ ጠበቃ ናቸው፤ ሽሮአቸውን እየበሉ አስረዱኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ይናገራል፤ አንቀጽ 1885 ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ይለቃል፤ ቀብድ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህን አያቶቻችንም ያውቁታል፤ ገበያ ላይ በሬ የሚያሻሽጥ ደላላ ሁሉ ያውቀዋል። በእኔ ሂሳብ 9,500 ብር ይመጣል፣ ልክ የምጣዱ ዋጋ። ጠበቃው ስቀው «ይገባሻል፤ ችግሩ ማንን ትከሻለሽ ነው» አሉኝ።

ሌላም ነገሩኝ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ጭራሽ ያልመጣ ዕቃ ጉድለቱ ምን ተብሎ ይጻፍ? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅም አለ፣ ቁጥር 1205፣ በ2012 የወጣ። ሰውን በማታለል ብር መውሰድ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ሕጉ እንግዲህ ሞልቷል። ከሕጉ እስከ አራብሳ ያለው መንገድ ነው የጎደለው።

ሰውየው አይገኝም የሚለውን ግን አልቀበልም። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ሲሳሳት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰው ከሌለው ሂሳብ ላይ ብር አወጣ፣ አስተላለፈ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር የተባለው። ከዚያስ? ባንኩ የወሰዱትን በስም ለየ፣ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ለጠፈ። አብዛኛው ተመለሰ። የእኔ ባንክ ሌላ ነው፤ ንግድ ባንክንም በዚህ አልወቅስም፣ ብሩን ማስመለሱ መብቱ ነው። ለማለት የፈለግሁት፣ በዚህ አገር በባንክ የሄደ ብር ዱካ አለው። ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ በምዝገባ የወጣ ሲም ካርድ አለው። ባንክ ሲበላ የሚሠራ ዱካ እንጀራ ጋጋሪ ስትበላ ለምን አይሠራም?

የምጠይቀውም ብዙ አይደለም። ባንኮችና ቴሌብር አንድ ተቀባይ ላይ ከተለያየ ሰው ተመሳሳይ አቤቱታ ሲደርሳቸው ፖሊስ እስኪያጣራ ያንን ሂሳብ ይያዙት። መርማሪው አንድ በአንድ ሲያየው የእኔ 4,750 ብር ነው፤ የሰበታው፣ የቱሉ ዲምቱው፣ የሱሉልታው ሽማግሌ ሲደመር ግን ምን ያህል እንደሚሆን የሚያውቀው ያ አካውንት ብቻ ነው። ከተቻለ ደግሞ ቀብዱ ቀጥታ ሻጩ ኪስ አይግባ። መሃል ላይ ይቆይ፤ ዕቃውን ተረከብኩ ብዬ ስነካው ይለፍለት። ሻጩም ሾፌር ልኮ ስልክ ብዘጋበት የነዳጁን ከዚያ ያገኛል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ እጃችን ላይ ነው፤ ሰው በእሱ ይበደራል፣ ይቆጥባል። ይሄ ከዚያ ይከብዳል?

ንግድ ቢሮም ቢሆን መርካቶ ላይ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ያልሰቀለ ሱቅ ሲያገኝ ያሽጋል። በሺህ የሚቆጠር ተከታይ ያለው ቻናል ግን የፈቃድ ቁጥር ሳይጽፍ እንደልቡ ይሸጣል። ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ስልክ፣ የሠርግ ልብስ፣ ምን የሌለ አለ?

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ልጅ ልናገር። ከእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ያጣች ናት። በቴሌግራም የሴት ጫማ ትሸጣለች። ጫማውን ራሷ ይዛ በታክሲ ታደርሳለች፤ ልክ ካልሆነ ትመልሳለች። በፊት የታክሲዋን ያህል ቅድሚያ ትቀበል ነበር። አሁን ማንም አይሰጣትም። «ተበልተናል፣ አንቺም ያው ነሽ» ይሏታል። ባለፈው ሳሪስ ድረስ ሄዳ ገዢዋ ስልክ አላነሳም። ማታ ደረጃ ላይ ጫማዋን በፌስታል እንደያዘች አገኘኋት። «እነዚህ ሌቦች የበሉት የእናንተን ብር ብቻ አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት።

ምጣድ ገዛሁ፣ አትጨነቁ። ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ የሚሄድ ነጋዴ በአይሱዙ ጭኖ አመጣልኝ። ብሩን የተቀበለኝ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መጋሉን በእጄ ካየሁ በኋላ ነው። ለዚያኛው ምጣድ ማሟሻ ብዬ ገዝቼ ያስቀመጥኩት ጎመን ዘር ለዚህኛው ሆነ። ለአገልግሎቱ የጠየቀኝ 300 ብር ነው። መኪና ላለው ሰው ይሄ ራሱ ሥራ ነው፤ የአራብሳ ወጣቶች ተደራጅተው ቢይዙት ገበያው አለ።

ውድ አዘጋጆች፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የባንክ ደረሰኙን ቅጂ አያይዣለሁ። የተቀባዩ ሙሉ ስምና የሂሳብ ቁጥሩ አለበት። ስሙን ጋዜጣ ላይ እንዳታወጡት አደራ። መርማሪው እንደነገረኝ አንዳንዶቹ አካውንቱን የሚያስከፍቱት በቀን ሠራተኛ ስም ነው፤ ትንሽ ብር ሰጥተው ካርዱንና ሲሙን ይወስዱበታል። ያ ስም የሌባው ይሁን የአንድ ምስኪን ልጅ እኔ አላውቅም። የሚያውቀው ባንኩ ነው፣ የሚጠይቀው ፖሊስ ነው። እናንተ ግን ስልክ ደውላችሁ «ይህ አቤቱታ ምን ደረሰ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጋዜጠኛ ሲጠይቅ መልሱ ቶሎ ይመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። የአቤቱታው ቁጥር ከደረሰኙ ጀርባ ተጽፏል።

ከአክብሮት ጋር፣
እንጀራ ጋጋሪዋ አንባቢያችሁ
ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም